ጸጉርን በራስ እጅ ሃይላይት ማድረግ

(በምስሉ፦ ከጥቁር እስከ ገረጣ ብጫ የተደረደሩ የጸጉር ዘለላዎች)

ሃይላይት ማለት ከጸጉር ጥቂት ዘለላዎችን ለይቶ በብሊች ማንጣት ነው። ብሊች በጸጉር ላይ ቀለም አይጨምርም፤ ያለውን ያወጣል። የጸጉር ጥቁረት የሚመጣው በውስጡ ከሚገኘው ሜላኒን ሲሆን፣ የብሊች ዱቄት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲበጠበጥ የጸጉሩን ውጫዊ ሽፋን አልፎ ይገባና ይህንኑ ሜላኒን ይሰባብረዋል። ለውጡ በደረጃ የሚሄድ በመሆኑ፣ ጥቁር ጸጉር አስቀድሞ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ብጫ፣ በመጨረሻም ገረጣ ብጫ ይሆናል። ስለዚህ በመሐል ብርቱካናማ ቢታይ መደንገጥ አይገባም። ገረጣ ብጫ ከታየ በኋላ ግን ብሊቹን ማቆየት ጸጉሩን ማበላሸት ነው፤ የሚወጣ ቀለም ስለማይኖር ጉዳቱ ሁሉ በጸጉሩ ፕሮቲን ላይ ያርፋል።

(በምስሉ፦ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው የፐርኦክሳይድ ጠርሙሶች)

ፐርኦክሳይዱ በአብዛኛው በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ40 ቮልዩም ይቀርባል፤ ይህም በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 9 እና 12 በመቶ ማለት ነው። ቶሎ ያነጣል በሚል ብርቱውን የሚመርጡ አሉ፤ እኔ ግን በቤት ውስጥ ከ20 ቮልዩም እንዳይታለፍ አጥብቄ እመክራለሁ። ለራሱ የሚሠራ ሰው መስታወት እያየ፣ ክንዱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ፎይል በፎይል ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው ዘለላ እስኪቀባ ድረስ የመጀመሪያው ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ውሕዱ ብርቱ ከሆነ አንዱ ከልክ በላይ ሲነጣ ሌላው ገና ብርቱካናማ ላይ ይገኛል። ጀማሪ መላውን ራስ ከሚሞክር ይልቅ በአናትና በፊት ዙሪያ ባሉ ጥቂት ቀጫጭን ዘለላዎች ቢወሰን የሚሻለውም ለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ከማጅራት አካባቢ ጥቂት ጸጉር ለይቶ መሞከር ግዴታ ነው። በየ5 ደቂቃው ብሊቹን ጠረግ እያደረጉ ቢመለከቱ፣ የሚፈለገው ደረጃ ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይታወቃል፤ ታጥቦ ሲሳብ የሚበጠስ ከሆነም ሥራው እዚያው ይቁም። በሪላክሰር የተለሰለሰ ጸጉር ውስጣዊ ትስስሩ ስለተዳከመ በብሊች ሊበጣጠስ ይችላል። የብረታ ብረት ጨው የተቀላቀለበት ሂና ያረፈበት ጸጉር ደግሞ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። እነዚህን ሁለቱን በቤት አለመሞከር ነው። የራስ ቆዳ ቁስል ካለበትም እስኪድን መጠበቅ ያስፈልጋል።

(በምስሉ፦ ጭራ ባለው ሚዶ የሚለይ ዘለላ፣ ከሥሩ የተነጠፈ ፎይል)

ጸጉሩ ደረቅ፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያልታጠበ ይሁን፤ የራስ ቆዳ ወዝ ከማቃጠል በመጠኑ ይከላከላልና። ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት፣ ውሕዱም በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ሳህን፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ እንደ እርጎ እስኪወፍር ይበጥበጥ። ቀጥሎ በሚዶው ጭራ ቀጫጭን ዘለላዎች እየተለዩ ፎይል ላይ ይዘርጉና ከሥራቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቀቡ። ይህ ክፍተት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ የራስ ቆዳ ሙቀት ብሊቹን ስለሚያፈጥነው፣ ክፍተቱ ካልተተወ ሥሩ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ነጥቶ ጎልቶ ይታያል። በፊት ዙሪያ ያለው ጸጉር ብዙውን ጊዜ ቀጭንና ቶሎ የሚነጣ ስለሆነ በመጨረሻ ይቀባ።

ከዚህ በኋላ ፎይሎቹ በየተራ እየተከፈቱ ይታያሉ። ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ በለብ ያለ ውኃ ይታጠባል፤ ሌላውን መጠበቅ የለበትም። አምራቹ ከወሰነው ደቂቃ ማለፍ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ቆዳን የሚያቃጥል ስሜት ከተሰማም ወዲያውኑ መታጠብ ነው።

የቀረውን ብጫ ወይም ብርቱካናማ የሚያለዝበው ቶነር ነው፦ ወይን ጠጅ ብጫውን፣ ሰማያዊ ደግሞ ብርቱካናማውን ያጠፋል። አንዳንድ ቶነሮች አለርጂ የሚያስነሣ ንጥረ ነገር ስላላቸው ከ48 ሰዓት በፊት በክንድ ቆዳ ላይ ይሞከሩ።

ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሥሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠቁሮ ይታያል። ያን ጊዜ ብሊቹ የሚያርፈው በአዲሱ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የነጣውን ደግሞ መቀባት፣ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጸጉሩ እንዲበጠስ ያደርገዋል።