ያየ ሰው ባይኖር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆችም፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ኖቬምበር 11 ነው። ካናዳ በጦርነት የወደቁ ልጆቿን የምታስብበት ቀን። ኮሚቴው «ስለ ቀኑ ትንሽ ተናገር» ሲለኝ ሩቅ አልሄድኩም። እዚሁ ዊኒፔግ፣ በሰሜኑ ሰፈር፣ በአንድሪው ሚናርስኪ ስም የተጠራ ትምህርት ቤት አለ። ብዙዎቻችን በበሩ እናልፋለን። ሰውየው ማን ነበር?

የስደተኛ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከፖላንድ መጥተው እዚህ ከተማ ኖሩ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1916 ተወለደ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ቤተሰቡን ለመርዳት በቆዳ ሥራ ተቀጠረ። በ1941፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ አየር ኃይል ገባ። ላንካስተር በሚባለው ትልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የመትረየስ ተኳሽ ሆነ። ሰባት ሆነው ነበር የሚበሩት። የልብ ጓደኛው ፓት ብሮፊ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ፣ ብቻውን፣ ጠባብ የተኳሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ብሮፊ መኮንን ነው፣ ሚናርስኪ በማዕረግ ከሱ በታች።

ሰኔ 1944 ነው። በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ፣ ኖርማንዲ ላይ፣ ጀርመንን የሚወጋው ጦር ከወረደ ገና ሳምንት አልሞላውም። ካምብሬ የሚባለውን የፈረንሳይ ከተማ የባቡር መናኸሪያ ሊመቱ በሌሊት ሄዱ። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ደረሰባቸው። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱም ሞተሮች ተመቱ፤ አውሮፕላኑ ውስጥም እሳት ተነሣ። አብራሪው «ዝለሉ!» አለ። ሚናርስኪ ፓራሹቱን አጥብቆ በሩ ጋ ደርሷል። አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ዞር ሲል ግን ብሮፊ አልወጣም። ክፍሉ ተቆልፎበታል። በእጅ የሚያዞሩት መክፈቻም ተሰብሯል።

ሚናርስኪ ተመለሰ። በእሳቱ መሃል በጉልበቱ እየዳኸ ጓደኛው ጋ ደረሰ። የተቆለፈውን ክፍል በመጥረቢያ መታው፤ አልተከፈተም። በባዶ እጁ ታገለው። ልብሱ ተያያዘ። ብሮፊ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ «ተወኝ፣ ሂድ!» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል። በመጨረሻ እንደማይሆን ሲያውቅ ወደ ኋላ፣ ፊቱን ከጓደኛው ሳያዞር፣ በእሳቱ ውስጥ ተመለሰ። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እየነደደ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብሮፊ አየ፤ «ደህና እደሩ፣ ጌታዬ» ነው ያለው። ከዚያ ዘለለ። ፓራሹቱም እየነደደ ነበር። የፈረንሳይ ገበሬዎች አገኙት፤ ግን ቃጠሎው ገደለው።

ብሮፊስ? አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ የተቆለፈበት ክፍል ተገንጥሎ ወረደና በሕይወት ተረፈ። ፈረንሳዮች ደበቁት፤ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ያየውንም ተናገረ። ከሰባቱ የሞተው ሚናርስኪ ብቻ ነው። በጥቅምት 1946 ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ትልቁ የጀግንነት ሜዳይ፣ ከሞተ በኋላ ተሰጠው።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ብሮፊ ባይተርፍ ኖሮ ሚናርስኪን ዛሬ ማን ያውቀው ነበር? በዚያ ጦርነት በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ጦር ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ በራሪዎች አልቀዋል። ስንቱ ምን እንዳደረገ ያየለት የለም። እኛ ግን ያዩ ሰዎች አሉን! እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት ከደብረ ዘይት የመጣ አንድ የአየር ኃይል አባታችንን ቀበርን። ስንት ዓመት አብረን ቡና ጠጣን፣ ስንት ሠርግ ላይ አብረን ተቀመጥን። ምን ያህል ሰው እንዳዳነ የሰማነው የሕይወት ታሪኩ በቀብሩ ላይ ሲነበብ ነው። እዚያ ሁሉም አለቀሰ። በሕይወት እያለ «አባባ፣ እስኪ ያንን ጊዜ ንገሩን» ያለው ማን ነው? ማንም! ይህ ያናድደኛል። ስለ ጀግንነታችን ስናወራ አንደኛ ነን፤ የጀግናውን ቃል ለመቅዳት ግን አንድ ቅዳሜ አጣን!

አንድ እህት «ከላይ ቦምብ የሚጥል ሰው እንዴት ይወደሳል?» ብላኛለች። ጥያቄዋን አከብራለሁ። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከአየር ስትደበደብ አያቶቻችን ታች ነበሩ። እኔ ዛሬ ያነሣሁት ግን ቦምቡን አይደለም፤ ለጓደኛው ወደ እሳት የተመለሰውን ሰው ነው።

የሰሜኑ ሰፈር ልጆች፣ ስለ ሚናርስኪ አስተማሪዎቻችሁን ጠይቁ። እዚሁ ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ የሄደ ደግሞ በሱ ስም የተሰየመውን፣ እስከ ዛሬ የሚበረውን ላንካስተር ይይ።

ከቡናው በኋላ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ። የአባቶችና የእናቶች ስም ዝርዝር እዚያ ነው። ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ፤ ማን ሄዶ እንደሚቀዳቸው ይጻፍበታል። የኔን ስም አስቀድሜ ጽፌአለሁ። መቅጃ የሌለው ስልኩ ይበቃል። አባባና እማማ፣ እናንተም ልጆቹ ሲመጡ «ምን ታሪክ አለኝ» አትበሉብን።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።