የስትራትኮና ወንበር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለ ሰፈሬ ላውራችሁ።

የምኖረው አልበርታ፣ ኤድመንተን ነው። ከወንዙ በስተደቡብ፣ ዋይት አቬኑ አጠገብ። ባለፈው አንድ የአገሬ ልጅ በመኪናው ወደ ቤት እያደረሰኝ ስለ ምርጫ አነሳን። «እናንተ ሰፈር መምረጥ ምን ይሠራል? ማን እንደሚያሸንፍ እኮ የታወቀ ነው» አለኝ። ኤንዲፒን (ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲን) ማለቱ ነው። መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ እንጀራዬን እየበላሁ እንኳ ነገሩ አልለቀቀኝም። ስለዚህ የዚህን ወንበር ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ።

የምርጫ ክልላችን ኤድመንተን-ስትራትኮና ይባላል። አልበርታ ምክር ቤት ውስጥ ካሉት 87 ወንበሮች አንዱ ነው። ፌዴራሉም በዚሁ ስም የሚጠራ ወንበር አለው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። እኔ የማወራው ስለ ፕሮቪንሱ ነው። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ ነው የምጠራው። 1997 ስል ዘጠና ሰባትን እንዳታስቡብኝ። ወደ እሷም እመጣለሁ።

ስትራትኮና ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ከኤድመንተን ጋር የተቀላቀለችው በ1912 ነው። አልበርታ በ1905 ፕሮቪንስ ስትሆን የመጀመሪያው ፕሪሚየር፣ ማለትም የፕሮቪንሱ መንግሥት መሪ፣ አሌክሳንደር ራዘርፎርድ ከዚሁ ሰፈር የተመረጠ ሰው ነበር። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ወንዙን ተሻግሮ ወደኛ በኩል የተሠራውም በእሱ ዘመን ነው። የራዘርፎርድ ቤት ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ራዘርፎርድ ግን በ1910 በባቡር ሐዲድ ጣጣ ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1913 ደግሞ የገዛ ሰፈሩ ሰዎች ጣሉት። የመጀመሪያውን ፕሪሚየር! ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ይህ ሰፈር ለማንም የተሰጠ ርስት አልነበረም።

አሁን በስማችን የሚጠራው ወንበር የመጣው በ1971 ነው። በዚያ ዓመት ከ1935 ጀምሮ ሲገዛ የኖረው ሶሻል ክሬዲት ወደቀ፣ ፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቮች ገቡ። የኛም ወንበር ለእነሱ ሆነ። ጁሊያን ኮዚያክ የሚባል ሰው 15 ዓመት ያዘው፣ ሚኒስትርም ሆነ። ወዳጄ «የታወቀ ነው» ያለውን አስታውሱ። ያኔም የታወቀ ነበር፣ በተቃራኒው። 1986 ላይ ግን ኮዚያክ ተሸነፈ። ጎርደን ራይት የሚባል የኤንዲፒ ጠበቃ አሸነፈው። ራይት በ1990 በሥራ ላይ እያለ አረፈ። የማሟያ ምርጫ ተደረገና ወንበሩ እዚያው ኤንዲፒ ጋ ቀረ።

ከዚያ 1993 መጣ። ኤንዲፒ ምክር ቤቱ ውስጥ የነበሩትን 16 ወንበሮች በሙሉ አጣ። አንድ እንኳ አልቀረለትም። ኤድመንተን በሞላው ለሊበራሎች ሆነ፣ የኛም ሰፈር አብሮ ሄደ። ፓርቲው አበቃለት ያሉ ብዙ ነበሩ።

እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1997 ራጅ ፓኑ የሚባል ፕሮፌሰር ተወዳደረ። ፑንጃብ፣ ህንድ የተወለደ፣ በ1962 ካናዳ የገባ ስደተኛ ነው። አሸነፈ። ከእሱ ሌላ ከፓርቲው ያሸነፈችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ከኤድመንተን። ሁለት ሰው ከ83። በ2001ም ሁለት። በዚያ ዓመት ገዢው ፓርቲ 74 ወንበር ነበረው። እስቲ አስቡት። በየቀኑ ተነስቶ ለ74 ሰው መናገር። መሸነፉን እያወቀ ድምፅ መስጠት። ፓኑ እስከ 2008 እንዲህ ኖረ። ጎረቤቶቼ ደግሞ በየምርጫው ወጥተው መልሰው ላኩት። ያኔ የመረጡትን አሮጊትና ሽማግሌ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ላይ አያቸዋለሁ፣ ቲማቲም ሲመርጡ።

በ2008 ወንበሩን ሬቸል ኖትሊ ተረከበች። አባቷ ግራንት ኖትሊ የኤንዲፒ መሪ ነበር። ከ1971 እስከ 1982 ምክር ቤቱ ውስጥ ብቸኛው የፓርቲው ሰው። 11 ዓመት ብቻውን! በ1984 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ልጁ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። እሷ ስትገባም ፓርቲው ሁለት ሰው ብቻ ነበረው። በ2012 አራት ሆኑ።

ሜይ 5፣ 2015። ለእኔ ካናዳ ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ዜግነቴን አግኝቼ ብዙም አልቆየሁም። ከሥራ መልስ ገባሁ፣ መታወቂያዬን አሳየሁ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከፍቶኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ምክንያቱም በልቤ ያለው ምርጫ ዘጠና ሰባት ነበር። አዲስ አበባ፣ እሑድ ግንቦት 7። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እናቴ ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ ገና ሳይነጋ ወረፋ ይዘን። ከፊታችን የነበረው ሰልፍ ጫፉ አይታይም ነበር። ማታ ድረስ ቆመው የመረጡ አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ አልገባበትም። ግን ድምፄን ስሰጥ ያ ሰልፍ አብሮኝ ነበር።

ማታ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። አራት ወንበር የነበራቸው ሰዎች 54 አገኙ። 44 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አገዛዝ በአንድ ማታ ሄደ። የሰፈሬ ተመራጭ ፕሪሚየር ሆነች፣ ከራዘርፎርድ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። አለቀስኩ። ለፓርቲው አልነበረም። ሥልጣን በወረቀት ብቻ ሲተላለፍ፣ ማንም ሳይታሰር፣ በማግስቱ ሰው ሁሉ ሥራ ሲገባ ስላየሁ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እሷም ተሸነፈች፣ ሥልጣኑን አስረክባ ተቃዋሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይህም ያን ያህል ደንቆኛል።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። በሒሳቡ ልክ ነው። ኖትሊ በ2015 ከመቶ 82 ድምፅ አገኘች፣ በ2023ም 80 ገደማ። እኔ ባልወጣ ምንም አይለወጥም። በዚያው 2023 ግን ካልጋሪ በምትባለው ሌላዋ የአልበርታ ከተማ ውስጥ፣ አካዲያ በሚባል የምርጫ ክልል፣ የፕሮቪንሱ የፍትሕ ሚኒስትር ወንበሩን ያጣው ከ30 ባነሰ ድምፅ ነው። አንድ ሐበሻ ቤት ውስጥ ለሠርግ ከሚሰበሰበው ሰው ያነሰ! እዚህ በሺህ የሚቆጠር ትርፍ ድምፅ ተከምሯል፣ እዚያ ሠላሳ ሰው አገር ይወስናል። ብዙ ያገኘ ይውሰድ የሚለው አሠራር እንዲህ ነው። አገር ቤትም የምናውቀው እሱን ነው።

ስፈልግ ያገኘሁት ግን ይኸው ከተማ ሌላ መንገድ ሞክሮ ያውቅ ነበር። ከ1926 እስከ 1955 በተደረጉት የፕሮቪንስ ምርጫዎች ኤድመንተን በሞላ አንድ የምርጫ ክልል ነበር። ከተማው ብዙ ተወካዮችን በአንድ ላይ ይመርጣል። መራጩ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቁጥር ያስቀምጣል። አንድ እጩ ከሚበቃው በላይ ድምፅ ካገኘ ትርፉ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሻገራል። ካልጋሪም እንደዚያው። ገዢው ፓርቲ በ1955 ብዙ ወንበር ሲያጣ በዓመቱ ሕጉን ቀየረው። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፣ አልደብቃችሁም። የኛ ትርፍ ድምፅ የሚሄድበት መንገድ ነበረው፣ ዘጉት። ቢመለስ ደስ ይለኛል። ለተመራጬ ጽፌ ልኬያለሁ።

እስከዚያው ግን እመርጣለሁ። ያ 80 ከመቶ ከሰማይ አልወረደም። በ1993 ፓርቲው አንድም ወንበር አልነበረውም። የሚሸነፍ ሰው ለመምረጥ በብርድ የወጡ ሰዎች ያመጡት ነው።

ኖትሊ ወንበሩን በ2024 መጨረሻ ለቀቀች። ጁን 23፣ 2025 ማሟያ ምርጫ ሆነ። አዲሱ የፓርቲው መሪ ናሂድ ነንሺ ቀረበ። የካልጋሪ ከንቲባ የነበረው ነው። የካልጋሪ ሰው ምን ያደርግልናል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩኝ፣ ቅሬታቸው ይገባኛል። እሱም በሰፊው አሸነፈ።

ለቤታችን ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ዜግነት ካገኘች የመጀመሪያ ምርጫዋ ነው። ነጠላዋን ለበሰች። ሰኔ ላይ ሙቀት ነው ብላት አልሰማችኝም። መንገድ ላይ የእጩዎቹን ስም አንድ በአንድ አስነበበችኝ። ነንሺ ጋ ስደርስ ወላጆቹ ከታንዛንያ የመጡ ናቸው አልኳት። «ጎረቤት ነዋ» አለች። ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ወረቀቷን ከትታ ስትወጣ አውራ ጣቷን አየችው፣ ገለበጠችው። «ቀለም አይቀቡም እንዴ?» አለችኝ። እዚህ አይቀቡም እማዬ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የሚቀጥለው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ኦክቶበር 18፣ 2027 ነው አልኳት፣ ያኔ ወንበሮቹም 89 ይሆናሉ።

«ጻፊልኝ» አለች። ፍሪጁ ላይ ለጥፌላታለሁ።