ተጫዋቹን ስግብግብ ከማለታችን በፊት

ክቡራትና ክቡራን፣ የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ክለብ የናሽናልስ ደጋፊዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ውል ነው። ኮከባችን የነበረው ሁዋን ሶቶ ከዋሽንግተን ከሄደ ዓመታት ተቆጠሩ። እኛ ግን ቡና በተፈላበት ሁሉ ዛሬም እሱን አንስተን እንጨቃጨቃለን። «ክለቡ ያቀረበለትን የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል እምቢ ያለ ሰው ስግብግብ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?» የሚል አለ። «የለም፣ ጉድ የሠራን ክለቡ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም የሚጮኹት ክለቡን ስለሚወዱ ነው። እኔ ግን በዚህ ክርክር ከተጫዋቹ ጎን ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ብዙዎቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። እግር ኳስ ላይ ተጫዋቹ ካልተስማማ ዝውውር የለም። ቤዝቦል ላይ ግን ክለቡ ሳያማክረው በሌላ ተጫዋች ይለውጠዋል። ጠዋት እዚህ የነበረ ሰው ማታ ሻንጣውን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ ይበራል። እምቢ ማለት የሚችለው ውሉ ላይ ካስጻፈ ነው። አለዚያ በሊጉ 10 ዓመት ቆይቶ፣ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት እዚያው ክለብ ማሳለፍ አለበት።

ደሞዙስ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ክለቡ ያሻውን ይከፍለዋል፤ ከዝቅተኛው ደሞዝ አይነስ እንጂ። ያ ዝቅተኛ ደሞዝ በ2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 760 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ መስማማት ካቃታቸው ግልግል ዳኝነት አለ። ነፃ ወጥቶ ከፈለገው ክለብ ጋር መደራደር የሚችለው ግን በሊጉ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው።

እነዚህ ስድስት ዓመታት የሚቆጠሩት ቀን በቀን ነው። አንድ ዓመት ማለት በዋናው ሊግ 172 ቀን ማሳለፍ ነው። የቺካጎ ካብሱን ክሪስ ብራያንትን አስታውሱ። በ2015 የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ 9 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጭ የወጣ ምት) መታ። ከሱ የበለጠ የመታ አልነበረም። ክለቡ ግን «ገና መከላከል ይማር» ብሎ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ማይነር ሊግ ላከው። ኤፕሪል 17 ቀን ጠሩት። ዓመቱ አልቆ ሲቆጠር 171 ቀን ሆነ። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ አንድ ቀን በመጉደሉ ግን ነፃነቱ በሙሉ ዓመት ተራዘመ። አቤቱታ አቀረበ፣ በ2020 ተፈረደበት። ከእናንተ መሀል አንዲት ሰዓት ጎድላበት ጥቅማጥቅም የቀረበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሶቶ ልመለስ። ኦክቶበር 1 ቀን 2019፣ ናሽናልስ ፓርክ። ከሚልዋኪ ጋር ነው፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ከዘጠኙ የጨዋታው ዙሮች (ኢኒንግ) በስምንተኛው ላይ 3 ለ 1 እየተመራን፣ ሦስቱም ቤዝ (የሯጮች ማረፊያ) በእኛ ሯጮች ሞልቶ፣ ዙሩን ከሚዘጉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ወጥተውብናል። የ20 ዓመቱ ልጅ የሚልዋኪው ወርዋሪ ጆሽ ሄደር የወረወረውን ኳስ ወደ ቀኝ መታው። የሚልዋኪው ተከላካይ ሊይዘው ጎንበስ ሲል ኳሱ አልፎት ሄደ፣ ሦስቱም ሯጮች ገቡ። 4 ለ 3። ያ ምት ባይኖር ኖሮ የዚያ ዓመት ዋንጫ ባልነበረ። የልጁ የዚያ ዓመት ደሞዝ ከ600 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ያኔ «ተበደለ፣ ይጨመርለት» ብሎ የጮኸ ደጋፊ አልሰማሁም። በ2022 440 ሚሊዮን ሲቀርብለት ግን ሁላችንም የሒሳብ ሰው ሆንን።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 440 ሚሊዮን ለ15 ዓመት ማለት በዓመት 29 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሱ በዓመት የበለጠ የሚያገኙ ብዙ ነበሩ። በዚያ ላይ የክለቡ ባለቤት የለርነር ቤተሰብ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ክለቡን ለመሸጥ እያሰበ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ልጁ የ23 ዓመት ወጣት ነው። «እስከ 38 ዓመትህ እዚህ ፈርም፣ አለቃህ ማን እንደሚሆን ግን አናውቅም» ነው የተባለው። እኔም ብሆን አልፈርምም ነበር። ኦገስት ላይ ወደ ሳንዲያጎ ተላከ፤ በ2024 መጨረሻ ከኒው ዮርኩ ክለብ ከሜትስ ጋር 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ ለዚያው ለ15 ዓመት።

ወርዋሪያችንን ስቲፈን ስትራስበርግን የምታነሱብኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲያበቃ የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ውል ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በጉዳት የተነሳ የወረወረው በ8 ጨዋታ ብቻ ነው። ውሉ ዋስትና ያለው ስለሆነ ገንዘቡ አይቀርም። ክለቡን ጎድቶታል፣ አልክድም። ግን በዚያ ዓመት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ክለቡ በዚያ ውል ያጣው ገንዘብ ነው፤ ሰውየው ያጣው ክንዱን ነው።

ታዲያ ክለቡ ሶቶን በመለወጡ ተሳስቷል? በልውውጡ አልከፋኝም። ማኬንዚ ጎር፣ ሲጄ ኤብራምስ እና ጄምስ ዉድ የመጡት በሱ ነው፤ ሦስቱም ኦል ስታር (የሊጉ ምርጦች ጨዋታ) ደርሰዋል። የከፋኝ፣ ነገሩ እዚያ እስኪደርስ መጠበቁ ነው። ጠቀም ያለ ውል መቅረብ የነበረበት በ2019 ማግስት ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ጄምስ ዉድ የተወለደው ሮክቪል ነው፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ። ሊጉን የተቀላቀለው ጁላይ 2024 ላይ ነው። ስለዚህ ነፃ የሚወጣው ከ2030 ውድድር በኋላ ነው። ሩቅ ይመስላል፤ የሶቶም ሩቅ ይመስል ነበር። በየጨዋታው ስንገናኝ የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ ይህ ይሁን። ለክለቡም ደብዳቤ እንጻፍ፣ ለልጁ ተገቢ ውል ዛሬ ይቅረብለት ብለን እንጠይቅ። አይቶት አልፈርምም ካለም፣ በማግስቱ ለመምታት ሲወጣ ቆመን እናጨብጭብለት።

አመሰግናለሁ።