እድሩ ለኗሪም ይድረስ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም።

የጠዋት ገበያችሁን ትታችሁ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። ድሬ ዳዋ ላይ ከቀትር በፊት ያልተሸጠ ነገር ፀሐይዋ እስክትበርድ ድረስ ገዢ እንደማያገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን አልፈጅም። ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የቆምኩት። የእድራችን ገንዘብ ለሞተ ሰው እንደሚደርስ ሁሉ፣ በሕይወት ላለውና ለሚሠራውም ይድረስ።

ማኅበራችን ከሁለት ቤት የተወለደ ነው። እዚህ ደቻቱ ወንዝ ዳር ክርስቲያኑ እድር ይለዋል፣ ሙስሊሙ አፎሻ። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የየራስ ነበር። ያገናኘን ጎርፉ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣና በከተማችን ከ250 በላይ ሰው ፈጀብን። በማግስቱ አሸዋውን ስንቆፍር፣ ይሄ የማን እድር ነው፣ ያ የማን አፎሻ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ድስቱም አብሮ ተጣደ። ከዚያ በኋላ መለያየቱ አልሆነልንም፤ አላህም እግዚአብሔርም ይመስገን።

ከጎርፉ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የውስጥ ለውስጡ ቦይ ግን የእኛው ነው። ከክረምቱ በፊት ወጣቶቻችን ሲጠርጉት አብሬያቸው ነበርኩ። አካፋው የሚያወጣው አፈር አልነበረም። ፌስታል ነው፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፣ የጫት ገረባ ነው። አንዱ ጥግ ላይ የሕፃን ጫማ ወጣና ሁላችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። በዕድሜ የገፋነው ምን እንዳስታወሰን ታውቃላችሁ። እባካችሁ፣ በርጫ ሲያልቅ ገረባውን ለፍየል ስጡ፣ ፌስታሉን ግን ቦይ ውስጥ አትጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ይህችን ከተማ ማን ያውቃት ነበር? አሮጌው ባቡር ሲዳከም እሷም አብራ ታመመች። በምድር ባቡሩ ዙሪያ ሻይ የምታፈላው፣ ፍራፍሬ የምትሸጠው፣ ሻንጣ የሚሸከመው፣ ሁሉም ሥራ ፈታ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ነሐሴ 2014 ላይ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፈተ። የኢንዱስትሪ ፓርክም አለን። እሰየው ነው! ግን አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው። መንገደኛው ወርዶ መኪናውን ይዞ ይሄዳል፣ የሰፈራችንን ሻይ አይጠጣም። ትልቁ ሥራ በራሱ ጊዜ ወደ ጓዳችን አይገባም። እጁን ይዘን ማስገባት አለብን።

እንዴት እንደሚገባ አንዲት አባላችን አሳይታናለች። እዚሁ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም። ሳምቡሳ ትሠራለች። ዘይቱን በሊትር፣ ዱቄቱን በኪሎ ከሱቅ በዱቤ ነበር የምታመጣው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢገዛ ይረክሳል፤ ግን የዚያን ያህል ገንዘብ በአንዴ ከየት ይምጣ? ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጣ ያገኘችው ትርፍ ባለሱቁ ጋ ይቀራል። ልበደር ብላ አንድ ቦታ ሄደች። መያዣ አምጪ አሏት። ወለዱም ለእምነቷ አይሆንም። ማኅበራችን ያለ ወለድ አበደራት። ጀሪካኑንና ኩንታሉን ገዛች፣ በየሳምንቱ እያመጣች ብድሩን ጨረሰች።

ባለፈው ሰሞን ንጋት ላይ በደጇ ሳልፍ አየኋት። ልጇ ሊጡን በስሱ ይዳምጣል። እሷ ምስሩን በማንኪያ ጣል ታደርግና በሦስት ማዕዘን አጥፋ ጠርዙን በውሃ ታጣብቃለች። አንዱ ሳይጠበስ ሌላው ይታጠፋል። ባጃጁ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ቁርሱ የሚሄደው ወደ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ትልቁ ሥራ ወደ ጓዳ ገባ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ያለ ወለድ በሚለው ላይ ባለፈው ዓመት ተከራክረናል። የብሩ አቅም ይወርዳል ያላችሁት እውነታችሁን ነው፤ ዛሬ የወጣው ሺህ ብር ሲመለስ ያንኑ ዕቃ አይገዛም። የመመለሻውን ጊዜ ያሳጠርነውም ለዚህ ነው። በወለድ ብናደርገው ግን ብዙው አባላችን ደጅ ይቀራል። አንድ ድስት የጣደ ሰው በብድር ሊለያይ አይገባም።

ያልሆነልንንም ልናገር። የልብስ ስፌት ቡድናችን ፈርሷል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እኛ መሪዎቹ ማሽን ገዛን፣ ገበያ አላሰብንም። የደንብ ልብስ አሰፋችኋለሁ ያለን አንድ ድርጅት ነበር፤ በቃል ተማምነን ውል ሳንጽፍ ቀረን፣ ትእዛዙም ሳይመጣ ቀረ። ማሽኖቹ ከድንኳኑ ወንበር አጠገብ ጨርቅ ለብሰው ቆመዋል። ባየኋቸው ቁጥር ያመኛል። እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ ላይ ከተደረደረው የውጭ ልብስ ጋር በዋጋ መፎካከር አንችልም። መጋረጃ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጥገና ግን እንችላለን። ልጆቹ ፈቃደኛ ከሆኑ እንደገና እንጀምር፤ አሁን ግን ውሉ በእጃችን ሳይገባ ጨርቅ አይቆረጥም።

ልመናዬ ይሄ ነው። ለቀብር የሚበቃው መጠባበቂያ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ የሚተርፈው ለሥራ ብድር ይመደብ። የቀብሩ ገንዘብ እንዳይነካ እኔ ራሴ እከራከራለሁ። እናቶቻችን ከመቀነታቸው እየፈቱ ለዓመታት ያዋጡት በክብር እንዲሸኙ ነው፤ በዚያ ቀልድ የለም። የተረፈው ግን ባንክ ከሚተኛ የአንዷን ጀሪካን ይግዛ፣ የአንዱን ባጃጅ ጎማ ይቀይር።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ታነባለች። ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን። ያልገባው ነገር ያለ ሰው እጁን ያውጣ። በኦሮምኛም በሶማልኛም ጠይቁ፣ የሚተረጉም አለ። ጉባኤው ተከፍቷል።