ቤት ውስጥ ሰው እያለ እንዴት ላውራ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ጭንቀትና በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የምክር አገልግሎት ካወራን በኋላ ብዙ ጥያቄ ደረሰን። በአየር ላይ ሁሉንም አልዳረስንም። የቀሩትን እዚህ ልመልስ።

«ሌሊት ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ተመርምሬ ልብህ ጤነኛ ነው ተባልኩ። በቪዲዮ የሚያወራኝ ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ወንድሜ፣ አስቀድመህ መመርመርህ ልክ ነው። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም እንዲህ ያለ ስሜት ያመጣልና እሱም ታይቶ እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቅ። የነገርከኝ ግን ፓኒክ አታክ የምንለውን፣ ድንገት የሚመጣ ከባድ የፍርሃት ስሜት፣ ይመስላል። ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ይበርዳል፣ ያኔ ግን ሰው የሚሞት ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ይመጣል። ተኝተህ ልብህን ታዳምጣለህ፣ ስታዳምጠው ይብስበታል፣ ሲብስበት ትደነግጣለህ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ ማለትም አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና፣ ይህን አዙሪት ለመስበር ይረዳል። በኢንተርኔት ሲሰጥም ለጭንቀት በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው በጥናት ታይቷል። ግን የቤት ሥራ አለው፤ የምትሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ። እሱን ካልሠራህ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ከአማቴ ጋር ነው የምኖረው። ማውራት የምፈልገው ስለ እነሱ ነው። የት ሆኜ ላውራ?»

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው አፕ ይመርጣል፣ አማካሪ ይመርጣል፣ የሚያወራበትን ቦታ ግን አያስብም። ከዚያ ግማሹን ሰዓት በሹክሹክታ ያሳልፋል። ሹክ እያሉ ደግሞ ማልቀስም መናደድም አይቻልም። ጆሮ ማዳመጫ የአማካሪሽን ድምፅ ይደብቃል፣ ያንቺን ግን አይደብቅም። የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ሰው በማይበዛበት መንገድ እየሄዱ በስልክ ማውራት፣ ሁሉም ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት መያዝ፣ ወይም የምታምኛት ጓደኛሽ ቤት አንድ ክፍል መዋስ ትችያለሽ። ምንም ካልተገኘ በጽሑፍ የሚሰጥም አለ። በመጀመሪያው ቀን ከአማካሪሽ ጋር አንድ ቃል ተስማሙ፤ ያንን ቃል ካልሽ ሰው ገብቷል ማለት ነው፣ ወዲያው ስለ ሥራ ወሬ ትቀይራላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ባለቤትሽን የምትፈሪው ስለሚመታሽ ከሆነ፣ ስልክሽንም የሚፈትሽ ከሆነ፣ በዚያ ስልክ አትጀምሪ። መልእክት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። በአካል ሄደሽ የምታናግሪው ሰው ይሻልሻል።

«ጡረታ ወጣሁ፣ የመጨረሻዋ ልጄም ተዳረች። ሁሉም ነገር ሰላም ሆኖ ሳለ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ይሄ በሽታ ነው?»

አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሆድዎ ባር ባር ማለቱም የሚገርም አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. ሆምስና ራሄ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሰውን የሚያስጨንቁ የሕይወት ለውጦችን በነጥብ ደርድረው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50። አዎ፣ ጋብቻም አለበት፤ ደስታም ቢሆን ለውጥ ነውና። ጡረታ 45፣ ልጅ ከቤት መውጣት 29 ተሰጥቷቸዋል። የእርስዎ ሁለቱ ሲደመሩ ከፍቺ ይበልጣሉ ማለት ነው! በርግጥ ነጥቡ የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም። ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዘጋ ግን ባለሙያ ይየው። ቪዲዮ ካልተመቸዎት ተራ የስልክ ጥሪም ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። ልጅቷ የእሳቸውም ናት።

«አማካሪው እውነተኛ ባለሙያ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ምስጢሬንስ ይጠብቃል?»

ጠይቂው። ምን ተማርክ፣ ፈቃድ አለህ ወይ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘህ ታውቃለህ? ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። በጥቂት ቀን አድንሻለሁ የሚልሽን ተዪው። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም እንጂ አማካሪ አይደለም። ምስጢር ይጠበቃል፣ ግን ወሰን አለው፤ ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ልትጎጂ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ዝም አይልም። ይህንን ገና ሳትጀምሩ ሊነግርሽ ይገባል። ሦስት አራቴ ሞክረሽው ካልተግባባችሁም ቀይሪ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ።

«መኖር ሰልችቶኛል። ቀጠሮዬ ግን ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

እህቴ፣ ቀጠሮውን አትጠብቂ። ይህንን እንዳነበብሽ አጠገብሽ ላለ ሰው ንገሪ፤ «ልሞት እያሰብኩ ነው፣ ብቻዬን አትተዉኝ» በይ፣ ልክ እንዲህ ብለሽ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሰው ይያዝልሽ። ዛሬውኑ አንዱን ይዘሽ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ለእኔ የጻፍሽውንም ሳትቀንሺ ለሐኪሙ ንገሪው።