ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የመድን ውሉ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ያገለገለ የስፖርት መኪና ልገዛ ነው፤ ሦስት መኪኖች ደግሞ ልቤን ተከፋፍለውታል፦ ሆንዳ ኤስ2000፣ ቶዮታ ጂቲ86 እና ማዝዳ ኤምኤክስ-5።

ሦስቱም ሞተራቸው ከፊት ነው፤ የሚገፋቸው ግን የኋላ ጎማ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሆንዳው በ1999 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ያለ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው) ከ2 ሊትር ሞተር 240 ገደማ የፈረስ ጉልበት አወጣ። ሞተሩ በደቂቃ ወደ 9,000 ዙር ይጠጋል። 6,000 አካባቢ ሲደርስ የቫልቮቹ አከፋፈት ይለወጥና ድምፁም አብሮ ይለወጣል። ያን ድምፅ ሰምቶ የረሳ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ምርቱ በ2009 ስለቆመ በደንብ የተያዘ ማግኘት እየከበደ ነው።

ቶዮታው ከሱባሩ ጋር በጋራ የተሠራ የ2012 ልጅ ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተጋድመው ስለሚመላለሱ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በኩርባ ላይ ያለው መረጋጋት ከዚህ ይጀምራል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን መንገድ አጥብቆ የማይዝ መጠነኛ ጎማ ሆን ተብሎ የተሰጠው መሆኑን ነው፤ ሾፌሩ በአደገኛ ፍጥነት ሳይነዳ የመኪናውን ጠባይ እንዲያውቀው።

ማዝዳው በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲታይ 1.6 ሊትር ሞተርና 115 ገደማ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። በወረቀት ላይ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። ክብደቱ ግን ከአንድ ቶን በታች ነው። ቀላል መኪና ፍሬኑን አያደክምም፣ ጎማውን ቶሎ አይበላም፣ መሪውን ገና ስትነኩት ይታዘዛል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ትውልድ እስከ ዛሬ የሚፈለገው።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልሂድ። ብዙ ሰው ጋራዥ ሲገባ የሚጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት መጨመር እንደሚቻል ነው። እኔ የምጀምረው ከማቆሙ ነው። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ100 ከሚሮጠው ጋር ሲነጻጸር ፍሬኑ ላይ የሚጥለው ጉልበት እጥፍ ያህል ነው፤ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይፈላም። ከዓመት ዓመት እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪዬ ለአዲስ የፍሬን ዘይት፣ ለጥሩ የፍሬን ሸራ እና ለጎማ ነው።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር። የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጥርሱ ያላለቀ፣ ላስቲኩ ግን ያረጀ ጎማ ይዞ ይሸጣል። ጎንበስ ብላችሁ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ሻጩ የነገራችሁንና አሃዙ የሚናገረውን አስተያዩ።

ሰው ቸል የሚለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው መድኑን ነው። የመድን ድርጅት ዓረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ሲያሰላ የሞተሩን አቅም፣ የመለዋወጫውን ውድነት፣ የስርቆት ስጋቱን፣ የእናንተን ዕድሜና የመንዳት ታሪክ ያያል። ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት መኪኖች ዓረቦናቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። እኔ ለሦስቱም መኪኖች የዋጋ ማቅረቢያ እጠይቃለሁ፤ ላደርግ ያሰብኩትንም ለውጥ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። ሞላ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ በኮምፒውተር የሚደረግ የሞተር ማስተካከያ፣ ሁሉም መነገር አለበት። ያልተነገረ ለውጥ በአደጋ ቀን ካሳ ሊያስከለክል ይችላል። ያ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው የተጎዳበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩ የእኔ ኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ድርጅቱን ሁለት ነገር ደግሞ እጠይቃለሁ። የተጨመረው ዕቃ በካሳው ይታሰባል ወይስ የፋብሪካው ዕቃ ብቻ? ካሳው የሚከፈለው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው ወይስ አስቀድሞ በተስማማንበት? እንደ ሆንዳው ዋጋው እየጨመረ ለሚሄድ መኪና ሁለተኛው ውል እጅግ ይሻላል። በውድድር ሜዳ ላይ መንዳትን ደግሞ መደበኛ ውል አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። መልሱን ሁሉ በጽሑፍ እቀበላለሁ።

ምርጫዬ ወደ ማዝዳው አጋድሏል። ሆንዳውን የምገዛ ከሆነ መኪናውን ከገዛሁ በኋላ እጄ ባዶ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ጭረትም ልቤ ይደማል። ማዝዳው ግን ለጎማ፣ ለፍሬንና ለተሟላ መድን የሚሆን ገንዘብ ያስተርፍልኛል። የቀረኝ ዝገቱን ማየት ነው፤ በቀደሙት ትውልዶች ላይ ዝገቱ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ካለው ቦታ ይጀምራል። የጨርቅ ጣሪያው የውኃ ማውረጃ በቅጠል ከተደፈነ ውኃው እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው መኪናውን ከፍ አድርጎ ወደሚያነሳ ጋራዥ አብሮኝ እንዲመጣ ነው። እምቢ ካለ ሌላ ማዝዳ እፈልጋለሁ።