መደርደሪያው ሲናገር፦ የዕቃ አደራደር ሽያጭን እንዴት ያሳድጋል?

[ምስል፦ የሰፈር ሱቅ፤ ደንበኛዋ ከባንኮኒው ማዶ ቆማለች]

ተራኪ፦ በሰፈር ሱቅ ደንበኛዋ «ግማሽ ኪሎ ስኳር» ትላለች። ባለሱቁም ስኳሩን እየመዘነ «ቡናስ አላለቀም? ጥሩ የይርጋጨፌ ቡና ገብቷል» ይላታል። ለስኳር የመጣችው ሴት ቡናም ይዛ ትሄዳለች።

[ምስል፦ ባንኮኒ የሌለው መደብር፤ ቅርጫት የያዙ ሰዎች]

ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1916 በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተሰኘውን መደብር ሲከፍት፣ ደንበኛው ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎች መካከል እንዲያልፍና የሚፈልገውን በገዛ እጁ እንዲያነሳ አደረገ። መተላለፊያው የተቀየሰው ደንበኛው ከመግቢያው ተነሥቶ ሒሳብ መክፈያው ጋ እስኪደርስ በዕቃዎቹ ሁሉ ፊት እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። በዚህ አሠራር ብዙ ሻጭ መቅጠር አላስፈለገም፤ ነገር ግን «ቡናስ አላለቀም?» የሚለው ሰውም አብሮ ቀረ። የእርሱ ሥራ ወደ መደርደሪያው ተላለፈ ማለት ነው።

በከተሞቻችን የተከፈቱ ብዙ ሚኒ ማርኬቶች ባንኮኒውን አንሥተዋል፤ መደርደሪያውን ግን አላናገሩትም። ዕቃው ከጅምላ አከፋፋይ በመጣበት ቅደም ተከተል ባዶ ቦታ በተገኘበት ይቀመጣል፤ ቡናው በአንድ ጥግ፣ ስኒው በሌላ ጥግ፣ ዕጣኑ ደግሞ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ይሆናል።

[ምስል፦ ቡና፣ ስኳር፣ ስኒ፣ ዕጣን፣ ከሰልና የፈንድሻ በቆሎ በአንድ መደርደሪያ]

ቡና የምታፈላ ሴት የሚያስፈልጓትን ነገሮች የምታስበው አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ቡናው ካለበት ስኳሩ፣ ስኒው፣ ዕጣኑ፣ ከሰሉና የፈንድሻው በቆሎ እጇ በሚደርስበት ቦታ ቢቀመጡ፣ ባለሱቁ በአፉ ያስታውሳት የነበረውን መደርደሪያው ያስታውሳታል። ለእኔ ከአደራደር ዘዴዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ ለሻጩም ለገዢዋም ይጠቅማል።

በዓይን ትይዩ ያለው መደርደሪያ ቀድሞ ስለሚታይ፣ ነጋዴው ይበልጥ ሊሸጥ የሚፈልገውን ዕቃ እዚያ ያስቀምጣል፤ ከባዱ የዘይት ጄሪካንና የዱቄት ከረጢት ከታች ይሆናል። ከረሜላን ሒሳብ መክፈያው አጠገብ በሕፃናት ዓይን ትይዩ መደርደር ግን፣ ሽያጭ ቢጨምርም፣ ወረፋ የያዘችን እናት ከልጇ ጋር ስለሚያጣላ አልመክረውም።

[ምስል፦ የዋጋ ወረቀት የሌለው መደርደሪያ፤ ደንበኛው ዕቃውን አንሥቶ ይመልሰዋል]

ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ዝም ያለ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ጠይቆ ሳይገዛ መውጣትን ስለሚያፍር ሳይጠይቅ ያልፈዋል፤ ዋጋው በጉልህ ቁጥር ሲጻፍ ግን ከኪሱ ጋር ተማክሮ ይወስናል። የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃውም ከፊት ይሰለፍ።

በአገራችን መደርደሪያ የቀን መቁጠሪያንም መከተል አለበት። በቅበላ ሰሞን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከፊት ይወጣሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የጾሙ 55 ቀናት እስኪፈጸሙ ያንኑ ቦታ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባና የኦቾሎኒ ቅቤ ይረከባሉ። በረመዳንም ቴምር ከመግቢያው ሊታይ ይገባል፤ ለማፍጠሪያ እየተቻኮለ የገባ ሰው ቴምር ፍለጋ መደብሩን መዞር የለበትም።

[ምስል፦ ደብተርና እስክሪብቶ]

ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ የአንድን ዕቃ የሁለት ሳምንት ሽያጭ በደብተር መዝግበው፣ ከዚያ ቦታውን ብቻ ለውጠው፣ ዋጋውን ሳይነኩ ሌላ ሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ሙከራውን በበዓል ሰሞን ግን አያድርጉት፤ የፋሲካ ዋዜማ ቅቤ የትም ቢቀመጥ ይሸጣልና።